ቅርፊትና እንጨት ሰርሳሪ ጥንዚዛዎችን መለየት፦ ከኮምቦልቻ ፓሌት እስከ ደሴ አጠና

ቅርፊት ሰርሳሪ ጥንዚዛዎች ትንንሽ ናቸው። አብዛኞቹ ከ1 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢደርሱ ነው። ቀለማቸው ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ቅርጻቸው ድቡልቡል ነው። በዓለም ላይ 6,000 ገደማ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ሁሉም የነቀዝ ዘመዶች ናቸው። የሚበዙት የሞተ ወይም የደከመ እንጨት ላይ ስለሚኖሩ ጣጣ የላቸውም። ጣጣው ያለው ከትውልድ አገራቸው ወጥተው በሰው አገር ጤነኛ ዛፍ የሚጥሉት ጥቂቶቹ ጋ ነው። እነዚህ ደግሞ ምንም ከማያደርጉት ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው።

ለኮምቦልቻ ሰው ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ የሚመጣው ከባድ መኪና እዚያው ያራግፋል። ደረቅ ወደቡ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ነባሮቹ ፋብሪካዎች አሉ። ማሽኑም ጥሬ ዕቃውም የሚመጣው በእንጨት ፓሌት ላይ ነው። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ፓሌቱ ወደ ሰፈር ይወጣል። አልጋ ይሆናል፣ አጥር ይሆናል፣ የተረፈው ማገዶ ይሆናል። ከዚያም ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የሚገባ አይጠፋም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ነፍሳት በሙቀት ቶሎ ስለሚባዙ ክትትሉ ከታች ቢጀምር ይሻላል።

ጎበዝ አናጢ ጥንዚዛውን ሳያይ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። የሚያየው ሰጋቱራውን ነው። በጣት ሲፈተግ ምንም የማይሻክር ልም ዱቄት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክብ ቀዳዳ የሚፈስ ከሆነ፣ ደረቅ ጣውላ የሚበላ ሌላ ጥንዚዛ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ሻካራ ፍርፋሪ ካለበት ረጅም አንቴና ያለው ትልቁ ጥንዚዛ ነው። አፈር ካለበት ምስጥ ነው፤ እሱን ደሴ ውስጥ ለማንም ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቅርፊት ሰርሳሪው ግን ቀላ ያለ ቡናማ ብናኝ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ይተዋል። የቅርብ ዘመዱ፣ እንጨቱ ውስጥ ፈንገስ አርብቶ የሚበላው፣ ነጣ ያለ ብናኝ ወደ ውጭ ይገፋል። የዚህኛው ቀዳዳ በመርፌ የተበሳ ያህል ክብና ንጹህ ነው፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ግን የዋሻው ግድግዳ ጠቁሮ ይገኛል። ያጠቆረው ፈንገሱ ነው።

ቀጥሎ ቅርፊቱ ይላጥ። ከየጎፍ ደንም ይሁን ከግቢ አጥር የመጣ ጥድ፣ ከቅርፊቱ ሥር የተቀረጸው መስመር ይናገራል። ጥድ ላይ የሚኖረው የፍሊዮሳይነስ ወገን እናቲቱ በእንጨቱ ቁመት አንድ አጭር ቦይ ትቆፍራለች፤ እጮቹ ከዚያ ግራና ቀኝ ይበተናሉ። ፓይን ላይ የሚኖረው ኢፕስ ሌላ ነው። ወንዱ መሐል ላይ ክፍል ይሠራል። ብዙ ሴቶች ይመጡና እያንዳንዳቸው ከዚያ ክፍል ተነስተው የየራሳቸውን ቦይ ይቆፍራሉ፤ ቦዩንም ከሰጋቱራ አጽድተው ይይዙታል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ቀዳዳም ቦይም የሌለው የፈረንጅ ጥድ ከደረቀ ጥፋተኛው አፊድ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ሊሆን ስለሚችል በጥንዚዛ አይማረር።

የፓይን ጥንዚዛዎችን እርስ በርስ መለየት ደግሞ የቆጠራ ሥራ ነው። ጥሩ አጉሊ መነጽር ይበቃል። ጥንዚዛውን ከኋላ እዩት። ክንፉ ጀርባው ላይ ተዘርግቶ ይመጣና መጨረሻው ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በቁልቁለቱ ጠርዝ በግራም በቀኝም እሾሆች ተደርድረዋል። በየጎኑ 6 ከሆኑ ኢፕስ ካሊግራፈስ፣ 5 ከሆኑ ኢፕስ ግራንዲኮሊስ ሊሆን ይችላል። ግራንዲኮሊስ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 አውስትራሊያ ውስጥ ተገኝቷል። 4 ከሆኑና ከላይ ሁለተኛው ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ የተደላደለው የኦርቶቶሚከስ ኢሮሰስ ወንድ ነው። የሴቷ እሾህ አነስ ስለሚል አንድ ጥንዚዛ ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም።

እስካሁን ያለው ዓይን ላለው ሰው ነው። ዓይን የማይበቃበት ቦታ ግን አለ። ዩዋላሴያ ፎርኒካተስ የሚባለው፣ በእንግሊዝኛ ስሙ አጭር መጠሪያ ፒ ኤስ ኤች ቢ፣ የእስያ ተወላጅ ነው። ሴቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ ቀዳዳዋ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ስትያዝ ባለሙያዎቹ የሻይ ተክል ሰርሳሪው ነው ብለው መዘገቡት። ማንም አልተጠራጠረም፤ መልኩ አንድ ነዋ! እ.ኤ.አ. በ2012 ሎስ አንጀለስ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ አቮካዶ ሲታመም ነገሩ ተገለጠ። በዲ ኤን ኤ ሲታይ ሌላ ዝርያ ነው። ቆይቶ ሦስተኛ ተመሳሳይ ተጨመረ፣ ዩዋላሴያ ኩሮሺዮ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠው የመጀመሪያው ናሙና እንደገና ተመርምሮ ፎርኒካተስ የሚለው ስም የሚገባው ለፒ ኤስ ኤች ቢ ሆነ፤ የሻይ ሰርሳሪው ዩዋላሴያ ፐርብሬቪስ ተባለ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነገር የሚያነብ ሰው የትኛው ስም የትኛውን ጥንዚዛ እንደሚል ይጠንቀቅ።

ሦስቱን በመለኪያ ለመለየት ተሞክሯል። የክንፍ ሽፋን ርዝመት፣ የደረት ሽፋን ስፋት ተለካ። ቁጥሮቹ ይደራረባሉ። መልሱ ያለው ዲ ኤን ኤ ላይ ነው። ይህን ያህል ድካም ለምን ቢባል፣ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱን ፈንገስ ይዞ ይዞራል፤ የሚያጠቃው ዛፍና የሚያደርሰው ጉዳትም ይለያያል። ፒ ኤስ ኤች ቢ በመቶዎች በሚቆጠሩ የዛፍ ዓይነቶች ላይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደቡብ አፍሪካ ፒተርማሪትስበርግ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ታይቶ ከዚያ ብዙ ከተሞችን አዳርሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ገብቷል። መራባቱ ነው ጉዱ። ወንዱ አይበርም። ከእህቱ ጋር እዚያው ዋሻ ውስጥ ይዳቀላል፤ እሷ አርግዛ ትወጣለች። አንዲት ሴት ከፓሌት ላይ ብትነሳ ለአንድ ሰፈር ትበቃለች። አቮካዶ በጓሮው ያለው ሰው ግንዱ ላይ ነጭ የስኳር ክምችት መሐሉ ላይ ቀዳዳ ይዞ ካየ ያንን ቅርንጫፍ ለጎረቤት ማገዶ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

ቡናና ማንጎ ላይ የሚገኙት፣ ዛይሎሳንድረስ የሚባለው ወገን ሁለት ዝርያዎች ግን ለመለየት ይሻላሉ። ኮምፓክተስ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፣ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ቀጫጭን የቡና ቅርንጫፍ ይበሳል። ኡጋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 ተገኝቶ የሮቡስታ ገበሬውን አስለቅሷል። ክራሲዩስኩለስ ቀላ ያለና ገዘፍ ያለ ነው። ብናኙን አጣብቆ እንደ ቀጭን ዘንግ ከቀዳዳው ያወጣዋል። ዘንጉ ንፋስ ሲነካው ይረግፋል፣ ስለዚህ ጠዋት ማየት ይመረጣል።

ጎተራ ውስጥ ያለውን በቆሎ የሚፈጨው ትልቁ የእህል ሰርሳሪ እንኳ ከነዚህ ጋር ይምታታል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ ታንዛኒያ የገባ ነው፤ ደረቅ እንጨትም ይሰረስራል። መለያው አንቴናው ነው። የእህል ሰርሳሪው አንቴና ጫፍ ላይ ሦስት ልቅ አንጓዎች አሉት። የቅርፊት ሰርሳሪው ግን እንደ ክርን ታጥፎ ጫፉ ላይ አንድ ድፍን እብጠት አለው።

ፓሌቱን በተመለከተ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። እንጨቱ ከመጓጓዙ በፊት እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ወይም በጋዝ ይታጠናል። ከዚያ የስንዴ ዛላ የሚመስል ማኅተም ከአገሩ ምልክት ጋር ይታተምበታል። በሙቀት የታከመው ኤች ቲ፣ ሜቲል ብሮማይድ በሚባለው ጋዝ የታከመው ኤም ቢ ይላል። ቅርፊትም መላጥ አለበት፤ 3 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስፋት ያለው ቁራጭ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ከሰፋ ግን ቁራጩ በጠቅላላ 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሙላት የለበትም። ማኅተም የሌለው ወይም ትልልቅ ቅርፊት የተለጠፈበት ፓሌት ለአልጋ ከመገዛቱ በፊት አንድ ጊዜ ይታይ። ኤም ቢ ያለበት ደግሞ ለምድጃ አይሆንም።

የሚያጠራጥር ነገር ያገኘ ሰው ጥንዚዛውን በፕላስተር አይለጥፍ፣ በክብሪት ቀፎም አያድርቅ፤ አንቴናው ይሰበራል። ቢያንስ 70 በመቶ አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ ጥንዚዛዎችን፣ ወንድም ሴትም፣ መክተት ነው። ለዲ ኤን ኤ ከሆነ 95 በመቶው ይሻላል። ቀዳዳው ያለበት የእንጨት ቁራጭም በተዘጋ ከረጢት አብሮ ይሂድ። በእርሳስ የዛፉ ዓይነት፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ያጥበዋል። ከዚያ ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ይላካል።