የጅማ እሸት ቡና ማብላያ ገንዳዎች፦ ኮንክሪትን ከፍሳሽና ከአሲድ መከላከል

በጅማ ዞን በጎማ፣ በሊሙ ኮሳ፣ በጌራና በማና ወረዳዎች የሚገኙ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራቸው በኮንክሪት ገንዳ ላይ የተመሠረተ ነው። ቀይ እሸቱ በመፈልፈያ ማሽን ከተላጠ በኋላ ፍሬው ላይ የሚቀረው ዝልግልግ ነገር እስኪለቅ ድረስ እንደ አየሩ ሁኔታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ገንዳ ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ ታጥቦ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይወጣል። ጀንፈል፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነቅርፊቱ የሚደርቅ ቡና፣ ለሚያደርቅ ሰው ገንዳ አያስፈልገውም። የታጠበ ቡና የሚያዘጋጅ ግን ገንዳው ካፈሰሰ ወይም ከተቦረቦረ ጉዳቱ ቡናው ጥራት ላይ ይታያል።

ስለ ኮንክሪትና ውሃ ሲነሳ ብዙ የሚወራው ስለ ባሕር ነው። የባሕር ውሃ ክሎራይድ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ሰርጎ በውስጡ ያለውን ብረት (ፌሮውን) ያዝገዋል፤ ዝገቱ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ላዩ ደህና የሚመስል ግድግዳ ውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል። ጅማ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የቡናው ስኳር ሲብላላ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ይፈጠራል፣ ፒኤቹም (ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዱ መበርታቱን የሚያሳየው መለኪያ) ወደ 4 ይጠጋል። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ከእነዚህ አሲዶች ጋር ሲገናኝ በውሃ ወደሚሟሟ ጨው ተለውጦ ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ መበላቱ ከፊት ይጀምራል፦ ሊሾው ይላላል፣ በሚስማር ሲጫር ይፈረፈራል፣ በመጨረሻም ጠጠሩ ያገጥጣል። የአካባቢው ጠጠር ባዛልት ስለሆነ ራሱ አይሟሟም፤ ነገር ግን በጠጠሮቹ መካከል ተሸጉጦ የቀረ የትናንት ፍሬ ከልክ በላይ ተብላልቶ ይሸታል። ጥቂት የሸተተ ፍሬ ከአዲሱ ቡና ጋር ከተቀላቀለ ቅምሻ ላይ ሙሉውን ያስጥላል።

የአውሮፓ የኮንክሪት ደረጃ ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 4.0 የሆነን ውሃ ከከባዱ የኬሚካል ጥቃት ምድብ ያስገባዋል፤ የሚጠይቀውም ለአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 360 ኪሎ ሲሚንቶና ከ0.45 ያልበለጠ የውሃና ሲሚንቶ ምጣኔ ነው። ይህ ማለት ለ50 ኪሎ ከረጢት ከ22.5 ሊትር ያልበለጠ ውሃ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ዝናብ የመታው አሸዋ 5 በመቶ እርጥበት ቢይዝ፣ ለአንድ ከረጢት በሚገባው 100 ኪሎ ገደማ አሸዋ ውስጥ 5 ሊትር ያህል ውሃ አለ፤ ስለዚህ በባልዲ የሚጨመረው 17.5 ሊትር ብቻ መሆን አለበት። ቡኮው ደረቀ ተብሎ ውሃ ከመጨመር ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቅ ቫይብሬተር መጠቀም ይሻላል። ፒፒሲ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ፖዞላና (ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ዱቄት) ነፃውን ኖራ ስለሚቀንስ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ጥንካሬው ግን ስለሚዘገይ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለ14 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ፌሮው ከገንዳው ፊት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ።

ጥሩ ኮንክሪትም ቢሆን በሦስት ቦታዎች ያፈስሳል። አንደኛው ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ነው። ከወለሉ ጋር አብሮ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የግድግዳ መነሻ መሞላት፣ መጋጠሚያው መሃል ላይም 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፒቪሲ ዋተርስቶፕ (ውሃ የሚያግድ የፕላስቲክ ጥብጣብ) ግማሹ ከታች ግማሹ ከላይ ሆኖ መቀበር አለበት። ሁለተኛው ካሳፎርማው የታሰረበት ሽቦ ነው፤ ግድግዳውን አልፎ የሚሄድ ሽቦ ለውሃ መንገድ ይሆናል። 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ተቆርጦ ቀዳዳው በማይኮማተር ሞርታር ይደፈናል። ሦስተኛው የማስወጫ ቱቦው ነው፤ ለስላሳ ፒቪሲ ከኮንክሪት ጋር አይያያዝም፣ ስለዚህ ከመቀበሩ በፊት ማጣበቂያ ተቀብቶ አሸዋ ይነሰነስበታል።

ስለ ቅብ ሲሆን ከምርቱ ይልቅ ወቅቱ ይወስናል። የቡና ለቀማው ከጥቅምት ወዲያ ስለሚጧጧፍ ባለ ጣቢያዎች ጥገናን መስከረም ላይ ያስታውሱታል፤ ያኔ ግን መሬቱ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ግድግዳውም ርሷል። በረጠበ ኮንክሪት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክር ቅብ) ከኋላ በሚመጣ ውሃ አብጦ ይላጣል። ትክክለኛው ጊዜ ቡናው ካለቀ በኋላ ያለው ደረቁ ጥርና የካቲት ነው። 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፎ ቢያንስ 16 ሰዓት ማቆየት በቂ ፍተሻ ነው፤ ከሥሩ ካላበ ገና አልደረቀም።

በሲሚንቶ የተሠራ ውሃ መከላከያ ቅብ ለመጠጥ ውሃ ገንዳ ጥሩ ቢሆንም አሲዱ እንደ ሊሾው ይበላዋል። የማብላያ ገንዳ ለምግብ ንክኪ የተፈቀደ ኢፖክሲ ያስፈልገዋል። ሬንጅ ውስጡን ከቶ መንካት የለበትም፤ ቡና ሽታ ይስባል። ሴራሚክ የሚያነጥፉም አሉ፤ ሴራሚኩ ራሱ አሲዱን ይችላል፣ በነጭ ሲሚንቶ የተሞላው መገጣጠሚያ ግን ቀድሞ ያልቃል፣ እሱም ኢፖክሲ ይሻል። ከቅቡ በፊት የላላው ሁሉ እስከ ጠንካራው ድረስ ተፈልፍሎ፣ ገንዳው በንጹህ ውሃ ታጥቦ፣ ማዕዘኖቹ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሞርታር ይደለደላሉ። ለማጽዳት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚያፈስሱ ሠራተኞች ኮንክሪቱን ከማስበላታቸውም ሌላ የባሕሩን ክሎራይድ በእጃቸው ያመጡበታል።

ገንዳው ማፍሰሱን የሚለየው ፍተሻ ከቅቡ በፊት፣ የውጭው አፈርም ሳይመለስ ይደረጋል። ገንዳው ሞልቶ ኮንክሪቱ ውሃ እስኪጠግብ አንድ ሳምንት ይቆይና ከፍታው ይመዘገባል፤ አጠገቡም ለትነት ማነጻጸሪያ ውሃ የሞላ ባልዲ ይቀመጣል። በቀጣዩ 7 ቀን ትነቱ ተቀንሶ የሚወርደው ከውሃው ጥልቀት 1/500 መብለጥ የለበትም፤ ለ1 ሜትር ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከበለጠ ውጭው ግድግዳ ላይ የረጠበው ቦታ በጠመኔ ይከበባል፤ ውሃው ከተለቀቀ በኋላም ጥገናው በዚያው ልክ ከውስጥ በኩል ይጀመራል።