«እርድ የፕሮስቴት ካንሰርን ገደለ» ሲባል

አንድ የዕፅዋት ውህድ ላቦራቶሪ ውስጥ የፕሮስቴት ካንሰር ሴል በገደለ ቁጥር «መድኃኒቱ ተገኘ» ይባላል። ወሬውን አምኖ ሕክምናውን የሚያቋርጥ ታማሚ ስላለ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

«ሳህን ላይ ከገደለ ሰው ውስጥም ይገድላል» የሚለው ከሁሉ የከፋ ነው። የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለን ሴል በረኪናም ይገድለዋል። መጠየቅ ያለበት በምን ያህል መጠን የሚለው ነው። እርድ ውስጥ ያለው ውህድ፣ ኩርኩሚን፣ ሳህን ላይ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው ከ10 እስከ 50 ማይክሮሞላር (ፈሳሽ ውስጥ ያለ ውህድ መጠን መለኪያ) ነው። በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን በዋጡ ሰዎች ደም ውስጥ ግን ከፍተኛው መጠን በአማካይ 2 ማይክሮሞላር አልሞላም፤ አንጀትና ጉበት ቶሎ ይለውጡታል። ወጥ ላይ የምትነሰነሰው እርድማ የት ትደርሳለች? ደግሞስ ያው መጠን ጤነኛውን የፕሮስቴት ሴል፣ ለምሳሌ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያድገውን አርደብሊውፒኢ-1ን፣ አብሮ ከገደለ መርዝ እንጂ ምን ይባላል?

ተማሪዎች ደግሞ «ቀለሙ ከቀነሰ ሴሉ ሞቷል» ብለው ይደመድማሉ። የሴልን ሕያውነት መለኪያ የሆነው ቢጫ ማቅለሚያ፣ ኤምቲቲ፣ በሕያው ሴል ውስጥ ፎርማዛን ወደሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል፤ የቀለሙ መጠን በ570 ናኖሜትር ብርሃን ይነበባል። ነገር ግን እንደ ኳርሴቲን ያሉ ፖሊፌኖል የሚባሉ የዕፅዋት ውህዶች ሴል በሌለበትም ይለውጡታል፤ ያኔ የሞተው ሕያው መስሎ ይነበባል። ስለዚህ ውህዱና ኤምቲቲ ብቻ ያሉባቸው፣ ሴል የሌለባቸው የሳህኑ ጉድጓዶች ይኑሩ፤ ኤምቲቲ ከመጨመሩ በፊትም ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ (ሚዲየም) ይቀየር። እዚህ ላይ ኤልኤንካፕ የተባለው የፕሮስቴት ካንሰር ሴል ዓይነት ያስቸግራል፦ ሳህኑን በደንብ ስለማይዝ በፒፔት ተጠርጎ ይወጣና እንደተገደለ ይቆጠራል። ፈሳሹን በጉድጓዱ ግድግዳ በኩል፣ ቀስ ብሎ መምጠጥ ነው። ውህዱ የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ ከ0.5 በመቶ አይለፍ፤ ውህዱ በማይጨመርባቸው የማነጻጸሪያ ጉድጓዶችም ውስጥ በእኩል መጠን ይግባ።

«አንድ የሴል ዓይነት ይበቃል»፦ አይበቃም። ኤልኤንካፕ የወንዴ ሆርሞን ተቀባይ አለው፣ ሌላው የፕሮስቴት ካንሰር ሴል፣ ፒሲ-3፣ የለውም።

«ከዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም»፦ ከ8 ዕፅዋት ተቀመመ ተብሎ ለፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ይሸጥ የነበረው ፒሲ-ስፔስ ውስጥ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንና ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጣ።

«ሐኪሞች ዕፅዋትን ይንቃሉ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሮስቴት ካንሰር የጸደቀው ዶሴታክሰል መነሻው የአውሮፓ ዪው ዛፍ ቅጠል ነው። ልዩነቱ ተጣርቶና ተለክቶ በየ3 ሳምንቱ በደም ሥር መሰጠቱ ነው። ይህን የሚወስድ ሰው የሚጠጣውን ቅጠል ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንድ ዕፅዋት ዶሴታክሰልን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያነቃቁ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ከደም ይወጣል።