ሉፕ ወደ ልብ አይወጣም

አዘዞም ልሂድ አራዳ፣ ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ አዋላጅ መሆኔ ሲሰማ የሚነሳው ያው ጥያቄ ነው፦ «ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል አይደል?» አይወጣም! ሰልችቶኛል፤ ግን ጉዳቱን ስላየሁ ዝም ማለት አልችልም።

ሉፕ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ከማህፀን ወደ ልብ የሚያልፍበት መንገድ የለም። አደጋ የለውም ግን አልልም። ከ1,000 ሴቶች በአንዷ ገደማ ሲገባ የማህፀኗን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ያኔም ቢሆን የሚገኘው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከዚያ ይልቅ የሚያጋጥመው ወደ ታች መውረዱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች ከ2 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ሉፑ ራሱ ይወጣል፤ ከወር አበባ ጋር ሲወጣ ሳያዩት የሚቀሩም አሉ።

አንዲት የሦስት ልጆች እናት የሉፑን ክር፣ ከማህፀን በር ወደ ብልት ወርዶ በጣት የሚነካውን፣ ብትፈልገው አጣችው። ጎረቤቶቿ «ወጥቷል፣ ልብሽ ላይ ነው» አሏት። ደረቷን እያዳመጠች አራት ወር ቤቷ ተቀመጠች። እኔ ዘንድ ስትመጣ እርጉዝ ነበረች። ሉፑ ወድቆ ኖሯል። በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ በአልትራሳውንድ አይተን ሌላ እናስገባላት ነበር።

«ያመክናል» ለሚሉ፦ በወጣ ማግስት ማርገዝ ይቻላል። ካንሰር አያመጣም። ያልወለደችም ትጠቀመዋለች። ባል ክሩ ቆረቆረኝ ካለ እናሳጥረዋለን፤ ሉፑን ማስወጣት አያስፈልግም።

«ደሜ በዛ፣ ተበላሽቷል» የምትሉ፣ የመዳቡ ሉፕ ከ3 እስከ 6 ወር የወር አበባን ያበዛል፣ ቁርጠትም ያመጣል። አይቡፕሮፌን ይረዳል። ደም ማነስ ያለባት ግን ከመግባቱ በፊት ትንገረን። በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አትቆዩ። የወር አበባ ቀርቶ ሆድን በአንድ ጎን ካመመ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሉፕ እያለ የተፈጠረ እርግዝና ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የወር አበባ ባበቃ ቁጥር እጃችሁን ታጥባችሁ ክሩን በጣታችሁ ፈልጉ። ካጣችሁት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ከነካችሁ፣ ጎረቤት ሳትጠይቁ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ፤ እስክትታዩ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ።