ሴፍቲኔት ምንድን ነው?

ግንቦት ላይ ጎተራው ተጠርጎ ያለቀበት ገበሬ ብዙ ምርጫ የለውም። ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰውም ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ነው። በሬውን ገበያ ቢያወጣው ለሁለትና ለሦስት ወር የሚሆን እህል ይገዛበታል። ችግሩ፣ በዚያ ወር የጨነቀው እሱ ብቻ አይደለም። ሁሉም ከብቱን እየነዳ ስለሚወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህል ደግሞ ይወደዳል። ይሸጠዋል እንበል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ መኸር ሲሰበሰብ ግማሹን ይወስዳል፤ የሚመጣው ዓመት ጎተራ ግንቦትን ሳይጠብቅ መጋቢት ላይ ይራቆታል። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ድርቅ የሚባል ነገር አላነሳሁም። ይሄ ደህና የሚባለው ዓመት ነው።

ሴፍቲኔት የተሠራው ለዚህ ቤት ነው። ሙሉ ስሙ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ይባላል። ምግቡ አለቀ ተብሎ የሚሰጥ እርዳታ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ግን ከስንዴውም ከብሩም በፊት በሬው ነው፤ ያቺ ጥሪት እንዳትሸጥ ማድረግ። ቃሉ ራሱ ከፍ ካለ ገመድ ላይ ለሚጫወት ሰው ከታች የሚዘረጋው መረብ ነው። “የደኅንነት መረብ” የሚል ትርጉም ወረቀት ላይ አልፎ አልፎ ይታያል፣ ቀበሌ ውስጥ ግን ማንም ሲለው ሰምቼ አላውቅም። ገጠር ስትሄዱ “ሴፍትኔት ታቅፏል”፣ “ከሴፍትኔት ወጥቷል” ነው የምትሰሙት።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ ለሃያ ዓመት ያህል፣ ነገሩ የሚሄደው በጥሪ ነበር። ዝናብ ይጠፋል፣ ኮሚቴ ወጥቶ ያጠናል፣ መንግሥት ለለጋሾች የተረጂውን ቁጥር ያሳውቃል፣ ለጋሾች ቃል ይገባሉ፣ ስንዴው መርከብ ላይ ይጫናል፣ ከወደብ በከባድ መኪና ወረዳ ይደርሳል። ወራት ይፈጃል። ይሄ አሠራር የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፤ ስንዴው ሲደርስ ግን በሬው ከተሸጠ ቆይቷል። የሚገርመው ደግሞ ዝናብ በደህና በጣለበት ዓመት እንኳን ጥሪው አይቀርም ነበር። ሚሊዮኖች የሚለመንላቸው ሰማዩ ስለከዳቸው ብቻ አልነበረም፤ መሬታቸው ጠቦ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ ጥሪታቸው አልቆ ስለነበር ነው። በ1994 ክረምት ዝናቡ ተስተጓጉሎ በ1995 ዓ.ም. የተረጂው ቁጥር ከ13 ሚሊዮን ሲያልፍ መንግሥትና ለጋሾች ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ላይ ተስማሙ፤ በየዓመቱ እንደሚቸገር አስቀድሞ የሚታወቅን ሰው በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ መቁጠር ምን ያደርጋል? ሲጀመር 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ታቀፈ፤ ኋላ ቁጥሩ ወደ 8 ሚሊዮን፣ ወረዳዎቹም ከ300 በላይ ሆኑ። ዋግ ኽምራ፣ ሰሜን ወሎ፣ ምሥራቅ ትግራይ፣ ሁለቱ ሐረርጌዎች፣ ኮንሶ፣ አፋር፣ ሶማሌ፤ በድርቅ ስማቸውን የምናውቃቸው አብዛኞቹ አካባቢዎች አሉበት። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው ከዓለም ባንክና ከሌሎች ለጋሾች ሲሆን ሥራውን የሚያካሂደው በግብርና ሚኒስቴር በኩል ያለው የመንግሥት መዋቅር ነው። ክልል፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ ይወርዳል።

ታቃፊው ሁለት ዓይነት ነው። ጉልበት ያለው ሠርቶ ይከፈለዋል፤ ጉልበት የሌለው፣ ማለት አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ የሚያኖረው ያጣ፣ ሳይሠራ ያገኛል። ይሄ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከሥራው ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች፣ ስሟ ግን ከዝርዝሩ አይሰረዝም።

የሠራተኛው ሒሳብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ሒሳቡ በሠራተኛ አይደለም፣ በነፍስ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ሥራ ይያዛል፤ ባልና ሚስት ከሦስት ልጅ ጋር ከሆኑ 25 ቀን። ልጆቹ አይሠሩም፤ የነሱንም ድርሻ ወላጆች ሠርተው ለአምስቱም ይከፈላል። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ለአንድ ነፍስ በወር 30 ብር ወይም 15 ኪሎ ይሆናል፤ ለቤቱ 150 ብር ወይም 75 ኪሎ። ሥራውና ክፍያው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ነበር፤ ስድስት ወር። እህል ከሆነ ለቤቱ በጠቅላላው አራት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። አይትረፈረፍም፤ ያንን በሬ ግን ያስቀራል።

ይሄ የሚሆነው ታዲያ አምስቱም ነፍስ ሲመዘገብ ነው። ለቀበሌው የተሰጠው ኮታ ካነሰና ሁሉንም ማስከፋት ካልተፈለገ፣ አምስት ነፍስ ካለው ቤት ሁለቱ ብቻ ይመዘገባሉ፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል፣ ማንም አይጠግብም። “ተካፍሎ መብላት” ብሎ የሚከራከርላት ሽማግሌ አይጠፋም፤ በገጠር ኑሮ ልማድ ሲታይም የሚገባ ነገር ነው። ለዓላማው ግን መርዝ ነው፤ ለአምስት ሰው የታሰበው መረብ ለሁለት ሲቀደድ በሬው ያው ገበያ ይወጣል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ማመልከቻ የሚባል ነገር የለም። ኮታው ከላይ ይመጣል፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ግን አካባቢው ነው። በጎጥ ደረጃ ከነዋሪው የተመረጡ ሰዎች ይቀመጡና፣ የማን ቤት በየዓመቱ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚበላ እንደሚያጣ፣ ማን ከብት እንዳለው፣ ማን ከከተማ ልጅ እንደሚልክለት ያወጣሉ። ከዚያ ዝርዝሩ ሕዝብ በተሰበሰበበት ይነበባል። እኔ ከፕሮግራሙ ሁሉ ብልህ የሚመስለኝ ይሄ ነው። ገበሬው ደብቆ ጎረቤት ቤት ያሰራትን ላም ከወረዳ የሚመጣ ባለሙያ አያያትም፤ ጎረቤቱ ግን ወተቱን ገዝቶ ጠጥቷል። ያም ሆኖ ንባቡ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። የቀበሌው ባለሥልጣን ዘመድ ስም ሲነበብ እጁን አውጥቶ የሚቃወም ስንቱ ነው? ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ሴፍቲኔትን ጨምሮ የመንግሥት ድጋፍ የያኔው ገዥ ፓርቲ ደጋፊ ያልሆነውን ለመቅጣት እንደዋለ ከሷል፤ መንግሥት አስተባብሏል። በሕጉ ለቅር የተሰኘ ሰው በቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ስሙ የቀረ ሰው መጀመሪያ መሄድ ያለበት እዚያ ነው፣ ዝርዝሩ ወረዳ ገብቶ ሳይጸድቅ።

ሥራው ምንድን ነው? በደጋውና በወይናደጋው አብዛኛው ከአፈርና ከውኃ ጋር ነው። ጠዋት ዶማና አካፋ የያዘ ሰው ተራራው ግርጌ ይሰበሰባል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የስም መዝገቡን ይዞ ይጠራል። ሁለት ቋሚ እንጨትና በመካከላቸው የተወጠረ ሲባጎ ላይ በተንጠለጠለ ውኃ ልክ የእርከኑ መስመር ይለካል፤ መስመሩ ዝንፍ ካለ ጎርፉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ እርከኑን ይዞት ይሄዳል። ድንጋዩ ይካባል፣ ቦረቦሩ በክትር ይዘጋል፣ ተራራው ከሰውና ከከብት ንክኪ ነፃ ተደርጎ ይከለላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሣሩ ይመለሳል፤ ከብት አይገባም፣ ሣሩ እየታጨደ በሸክም ቤት ይወሰዳል። ወሎና ትግራይ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሆናችሁ፣ ተራራው ከላይ እስከ ታች ማበጠሪያ የተሄደበት መስሎ ካያችሁት፣ ከዚያ ውስጥ ብዙው የዚህ ሥራ ነው። የገጠር መንገድ፣ ኩሬ፣ የጤና ኬላና የትምህርት ቤት ክፍልም ይሠራል። አርብቶ አደሩ ጋ ሲደርስ ግን እርከን የሚለው ብዙ አይሄድም፤ ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀስን ሰው ወር ሙሉ አንድ ተራራ ላይ ማቆየት አይቻልም። ፕሮግራሙ በደጋ ገበሬ ልክ ተሰፍቶ ቆላ የተላከ ልብስ መሆኑ እዚያ ይታያል።

አሁን ነገሩ የሚሰበርበት ቦታ፦ ቀኑ። አንድ ጊዜ በክፍያ ቀን አንድ ቀበሌ ነበርኩ። አንዲት እናት የተጠቃሚ ካርዷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፋለች። የተከፈላት የሦስት ወር ነው፣ በአንድ ቀን። ደስ ሊላት ይገባል አልኩ በልቤ። ከሰልፉ እንደወጣች ግን ዛፉ ሥር የቆመ ሰው ጋ ሄደች፤ ባለፉት ሁለት ወራት በዱቤ እህል የሰጣት ነጋዴ ነው። ቆጥራ ሰጠችው፤ እሱም ደግሞ ቆጠረ። የቀረውን ቋጥራ ሄደች። ብሩ የወጣው ሙሉ ነው፣ በወረቀት አንዳች አልጎደለም። ነገር ግን በወሩ መጥቶ ቢሆን ለዱቤው የጨመረችው ወለድ የእሷ ነበር።

መዘግየቱ ክፋት ላይሆን ይችላል። የሥራ መገኘት ወረቀቱ ከቀበሌ ወረዳ ይሄዳል፣ ኮምፒውተር ላይ ይመዘገባል፣ ሒሳቡ ይሠራል፣ ገንዘቡ ከላይ ይለቀቃል፣ ገንዘብ ያዡ መኪና ይጠብቃል። የአንዱ ቀበሌ ወረቀት ሲጓተት የሌላውም አብሮ ይቆማል። በሞባይል ገንዘብ፣ በነኤም-ብር በኩል መክፈል የተጀመረው አንዱ ይሄን ለማሳጠር ነው። ከድሮው የእርዳታ ጥሪ በዋናነት የሚለየው ሰውየው ገንዘቡ የሚመጣበትን ወር ማወቁ ነው፤ ወሩ ካልታወቀ ሴፍቲኔት ስሙን የቀየረ እርዳታ ነው።

ሌላው ስብራት ዋጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲወጣ የቀኑ ክፍያ ከ6 ወደ 8 ብር ብቻ ከፍ አለ። 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተተመነው ብር ግማሹንም የማይገዛበት ገበያ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ይሻላል ሲባል የቆየው ገበሬ ስንዴው ይመለስልኝ አለ። ኪሎ አይረክስም፤ ገበሬው ይሄን ለመረዳት ስለ ዋጋ ንረት ሥልጠና አላስፈለገውም።

በመጨረሻ ምረቃ አለ። ቤቱ ያለ ድጋፍ ዓመቱን መብላት ከቻለ፣ ጥሪቱ ከተወሰነ ልክ ካለፈ፣ “ተመርቋል” ተብሎ ይወጣል። ወደዚያ እንዲደርስ በግና ፍየል ለማደለብ፣ ለዶሮ፣ ለንብና ለትንንሽ ንግድ የሚሆን ብድርና ሥልጠና ተያይዟል። ጥናቶች በአብዛኛው የሚሉት ቤተሰቡ የሚራብባቸው ወራት እንዳጠሩ ነው፤ የጥሪቱ ዕድገት ግን ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ዘመድ ጠርቶ የማያከብረው ምረቃ ቢኖር ይሄ ነው። ሁለት በግ የገዛች ሴት ለቆጠራ ሲመጡ አንዱን እህቷ ቤት የምታሳድረው ውሸት ስለምትወድ አይደለም። በጎቹ በአንድ መጥፎ ክረምት እንደሚያልቁ ታውቃለች፤ ከዝርዝሩ አንዴ ከወጣች ደግሞ ተመልሳ መግባቷ ከባድ ነው።

ከተማ ያለው ሴፍቲኔት የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ጠዋት ሰደርያ ለብሰው መንገድ ከሚጠርጉትና ቦይ ከሚያጸዱት እናቶች ብዙዎቹ በዚያ የታቀፉ ናቸው። እዚያ የሚሸጥ በሬ የለም፤ የቤት ኪራይ ግን አለ፣ ወሩም ሲሞላ አይጠብቅም።