ስለ እንግሊዝ ቅኝ ግዛት የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

“ፀሐይ የማይጠልቅበት ግዛት” ሲባል ያልሰማ የለም። እውነትም በ1920 አካባቢ ከዓለም የብስ ሩብ ያህሉ በእንግሊዝ እጅ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ይህ ሁሉ እንዴት እንደተሰበሰበና እንዴት እንደተበተነ ግን የተዛባ ወሬ ይበዛል። እኔን በጣም የሚከነክነኝ፣ ወሬው የሌላውን ሕዝብ ጉልበትና ገንዘብ ደብቆ ሁሉን የእንግሊዝ ሥራ ማስመሰሉ ነው።

“ሕንድን የያዘው የእንግሊዝ መንግሥት ነው።”

መጀመሪያ የያዘው ነጋዴ ነው። በ1600 መጨረሻ ከንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ፈቃድ ያገኘው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የተቋቋመው ቅመማ ቅመም ሊነግድ ነበር። ባለአክሲዮኖች አሉት፤ ትርፍ ያከፋፍላል። በኋላ ግን ወታደር መቅጠር ጀመረ። በ1757 ፕላሲ ላይ ከቤንጋል ገዥ ከሲራጅ ኡድ ዳውላ ጋር ሲገጥም የሮበርት ክላይቭ ጦር 3 ሺህ ገደማ ነበር፤ አብዛኛውም ሕንዳዊ። የገዥው ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ታዲያ እንዴት ተሸነፈ? ሚር ጃፋር የተባለው የራሱ የጦር አዛዥ ከክላይቭ ጋር በስውር ተስማምቶ ነበር። ሰዎቹን ይዞ ዳር ቆሞ አየ። በምትኩም የቤንጋልን ሥልጣን አገኘ።

በ1765 ደግሞ ኩባንያው የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት ተሰጠው። ነገሩ ሁሉ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው። ቀድሞ የሕንድን ጨርቅ ለመግዛት ከአውሮፓ ጥሬ ብር ጭኖ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ከገበሬው በሰበሰበው ግብር የገበሬውን አገር ዕቃ ገዝቶ ለንደን ወስዶ ይሸጣል። የወታደሩም ደመወዝ ከዚያው ይወጣል። በ1770 ቤንጋል በረሃብ ስታልቅ እንኳ ግብሩ አልቆመም። መንግሥት ሕንድን በቀጥታ የተረከበው በ1858 ነው፤ ያውም የሕንድ ወታደሮች ካመፁ በኋላ።

“ቢያንስ ባቡር ሠርተውላቸዋል።”

ሠርተዋል። የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር በ1853 ከቦምቤይ ወደ ታኔ ሄደ። ሂሳቡን ማን ከፈለ? ገንዘባቸውን ላወጡት የእንግሊዝ ባለሀብቶች በዓመት 5 በመቶ ዋስትና ተሰጥቷቸው ነበር። ገቢው ካልሞላ ጎደሎውን የሚሸፍነው የሕንድ ግብር ከፋይ ነው።

“ባርነትን ያስቀረች እንግሊዝ ናት።”

በ1807 የባሪያ ንግዱን፣ በ1833 ደግሞ በአብዛኛው ግዛቷ ባርነትን ራሱን የሚያስቀር ሕግ አውጥታለች። ከዚያ በፊት ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አፍሪካውያንን በመርከብ ያጋዘችው እሷው ናት። በ1831 መጨረሻ ጃማይካ ውስጥ ሳሙኤል ሻርፕ የመራው አመፅም ፓርላማውን አጣድፎታል። 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳም ተከፍሏል። ለተበደሉት እንዳይመስላችሁ፤ ለባለቤቶቹ ነው!

“ግዛቷን ያፈረሰው የስዊዝ ካናል ቀውስ ነው።”

ቀውሱ የተነሳው በ1956 አጋማሽ ግብፅ ካናሉን ስትወርስ ነው፤ እንግሊዝም ካናሉን ለማስመለስ ጦር አዘመተች። ሕንድና ፓኪስታን በ1947፣ ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ በጥር 1956 ነፃ ወጥተው ነበር። ስዊዝ ያሳየው እንግሊዝ ያለ አሜሪካ ገንዘብ ጦርነት መቀጠል እንደማትችል ነው።

“በሰላም ለቃ ወጣች።”

ይሄኛው ያናድደኛል። የሕንድንና የፓኪስታንን ድንበር ያሰመሩት ሲሪል ራድክሊፍ ከዚያ በፊት ሕንድን ረግጠው አያውቁም። አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበራቸው። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ፤ እጅግ ብዙ ሰው ተጨፈጨፈ።

ኬንያን ደግሞ እንይ። መሬታቸው ለነጭ ሰፋሪዎች የተሰጠባቸው ኪኩዩዎች በማው ማው ስም ሲነሱ፣ በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ1 ሺህ በላይ ሰዎች በስቅላት ተገደሉ። በ1959 ሆላ ካምፕ ውስጥ 11 እስረኞች ተደብድበው ሲሞቱ፣ ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ላይ በጠጡት ውሃ ሊያሳብቡ ሞክረው ነበር። ከኬንያ የወጡ ሰነዶች ለብዙ ዓመታት እንግሊዝ ውስጥ ተደብቀው ቆዩ። በዚያ ዘመን የተሰቃዩ ኬንያውያን አረጋውያን እንግሊዝን ፍርድ ቤት ባያቆሟት ኖሮ ላይወጡም ይችሉ ነበር። በ2013 የእንግሊዝ መንግሥት ለ5,228 ተጎጂዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተስማማ።

“ኢትዮጵያን ነፃ አውጥታ ወዲያው ሄደች።”

በ1941 ጣሊያንን በማስወጣት እንግሊዝ መርዳቷ አይካድም። ግን በጥር 1942 በተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ አማካሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ፤ የእንግሊዝ ተወካይም ከሌሎች አገሮች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ። ይህ በ1944 ስምምነት ቢሻሻልም፣ በእንግሊዝ እጅ የቀረው፣ በሶማሌ ድንበር ያለው የሐውድ ግጦሽ መሬት ሙሉ በሙሉ የተመለሰው በ1955 ነው።

ደግሞስ የተዋጋው ማን ነው? አርበኞቻችን ነበሩ። ሱዳናውያን፣ ኬንያውያን፣ ናይጄሪያውያንና የዛሬዋ ጋና ሰዎች ነበሩ። በከረን ተራሮች ላይ ብዙ ሕንዳውያን ወደቁ። እዚያው ከረን በሚገኘው የጦር መቃብር ውስጥ፣ እንደ እምነታቸው አስከሬናቸው ለተቃጠለ የሂንዱና የሲክ ወታደሮች ለብቻው የቆመ መታሰቢያ አለ።