«ራምፕ ሠርተናል» እና ሌሎች የመሥሪያ ቤት አባባሎች፦ ስለ አካል ጉዳተኛ ሠራተኞች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኛ ሠራተኛን ከሥራው የሚያስቀሩት ነገሮች ሲታዩ ትንንሽ ናቸው፤ የበር ደፍ፣ የፊደል ዓይነት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ። ትንሽ በመሆናቸው ማንም ልብ አይላቸውም። ስለ አካል ጉዳተኝነት የለመድናቸው አባባሎች ደግሞ ጭራሽ ይሸፍኗቸዋል። በሰው ሀብት፣ በግዥና በጠቅላላ አገልግሎት ክፍሎች ደጋግመው የሚሰሙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«አካል ጉዳተኛን መቅጠር መስፈርት ዝቅ ማድረግ ነው»

ይህ ግምት አንዱ ምንጩ የቀድሞው ሕግ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች ክፍት የሥራ ቦታ ለይቶ የመያዝ አሠራርን ይዞ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 568 ሲተካ፣ አዲሱ አዋጅ ገና በመግቢያው ምክንያቱን ጻፈ፦ ቦታ ለይቶ መያዝ «አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ መሥራት አይችልም» የሚል አመለካከት አሳድሯል፣ የሥራ አካባቢውን የማመቻቸት ግዴታንም አላረጋገጠም። ስለዚህ አካሄዱ ተለወጠ። ሰውየው ይወዳደራል፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለውድድሩም ለሥራውም ሁኔታዎችን ያመቻቻል። በመንግሥት ሠራተኛ ሕግ የሚታወቀው የድጋፍ እርምጃም (ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ መስጠት) የሚሠራው እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ሲመጣ ነው። የወደቀን የሚያሳልፍ ድንጋጌ አይደለም።

መዛባቱ ያለው ከፈተናው በፊት ነው። ክፍት ቦታው የሚወጣው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው፣ ዓይነ ስውሩ አያነበውም። «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዞ በአካል በመቅረብ አራተኛ ፎቅ ቢሮ ቁጥር 12» ይላል፣ አሳንሰሩ ግን አይሠራም። ማስታወቂያው በቴሌግራም ሲለቀቅም ብዙ ጊዜ ፎቶ ተነሥቶ ነው፣ ስልኩ ሊያነብለት አይችልም። መፍትሔው የሚከብድ አይደለም። ማስታወቂያውን በጽሑፍ መልቀቅ፣ በወኪል መመዝገብን መፍቀድ፣ በመመዝገቢያ ቅጹም ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፦ «ፈተናው በየትኛው መንገድ ቢሰጥዎ ይመችዎታል? በብሬይል፣ በትልቅ ፊደል፣ በኮምፒውተር ወይስ በአንባቢ?» ብሬይል በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሑፍ ነው፤ በትልቅ ፊደል ሲባል ደግሞ መጠኑ 18 ነጥብና ከዚያ በላይ ነው። በእነዚህ መንገዶች ለሚፈተን ሰው የፈተናውን ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆን ተጨማሪ ሰዓት ይመደብ። አንባቢው ጥያቄውን እንዳለ ያነባል እንጂ አያብራራም፣ በድምፁም መልስ አይጠቁምም። ሥዕልና ሠንጠረዥ ያለባቸው ጥያቄዎች በቃል የሚገለጹበት ጽሑፍ ከፈተናው ቀን በፊት ካልተዘጋጀ አንባቢው እዚያው ሲደነባበር ሰዓቱ ያልቃል።

«ራምፕ ሠርተናል»

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው፣ መጸዳጃ ቤታቸውም እንዲመቻች አዟል። ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መንገድ) የተሠራላቸው መግቢያዎች ጥቂት አይደሉም። ችግሩ ብዙዎቹ ራምፖች የተለኩት ከደረጃው ጎን በተረፈው ቦታ መሆኑ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰፊው የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው፣ ራምፑም 5 ሜትር ከ40 መሆን አለበት። በሁለት ሜትር ካለቀ ዊልቸሩ ሲወጣ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ሲወርድ ደግሞ ይዞ ይሮጣል። እንዲህ ያለውን መግቢያ የሚጠቀሙበት ዕቃ አውራጆች ብቻ ናቸው።

ቀሪውን ሜትር ይዞ መለካት ነው። የራምፑ ስፋት ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይና ከታች ደግሞ ዊልቸር የሚያርፍበትና የሚዞርበት 1.5 በ1.5 ሜትር ሜዳ። መደገፊያው በሁለቱም ጎን፣ ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ። ወለሉ ሻካራ መሆን አለበት። ለውበት ተብሎ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ሴራሚክ በክረምት ዝናብ ሲነካው ክራንች ይዞ ለሚሄድ ሰው ወጥመድ ነው። የበሩ መክፈቻ ሲለካ ንጹሕ 80 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን፤ ብዙ ባለ ሁለት ተካፋች በሮች አንዱ ክንፍ ሁልጊዜ ተቀርቅሮ ስለሚኖር የሚቀረው ቀዳዳ ከዚህ ያንሳል። ዘበኛው የሁለተኛውን ክንፍ መቀርቀሪያ እንዲያነሣ መንገር ምንም ወጪ የለውም።

ከራምፑ በኋላ ያለው መንገድም ይታይ። አንድ ሠራተኛ ከግቢው በር ተነሥቶ እስከ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያም እስከ ካፌውና ስብሰባ አዳራሹ ያለውን መንገድ ባዶ ዊልቸር እየገፉ ሂዱበት። የራምፑን አፍ የዘጋ የአመራር መኪና፣ በኮሪደሩ የተደረደሩ የአሮጌ ፋይል ካዝናዎች፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት የመጸዳጃ በር አንድ በአንድ ይገኛሉ። በሩ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ዊልቸሩ ከገባ በኋላ አይዘጋም፣ ሰውየውም በሩን ከፍቶ ይጠቀማል ወይም ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጣም። ይህን የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ። ኩላሊትን የሚጎዳ ነገር ነው፣ ማንም ሠራተኛ ይህን ሊመርጥ አይገባም። ማጠፊያውን ነቅሎ በሩን ወደ ውጭ ማዞር ለአንድ አናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«ዓይነ ስውር ሠራተኛ ያለ አንባቢ ደብዳቤ ማየት አይችልም»

ዓይነ ስውራን ለረጅም ጊዜ ስልክ ማዞሪያ ላይ የተመደቡት በዚህ ግምት ነው። ዛሬ ኮምፒውተር የሚጠቀም ዓይነ ስውር ስክሪን ሪደር በሚባል ፕሮግራም በማያ ገጹ ላይ ያለውን በድምፅ ይሰማል፣ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻም ይሠራል። ኤንቪዲኤ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። አብሮት የሚመጣው የድምፅ ሞተር አማርኛንም ያነባል፤ ድምፁ እንደ ማሽን ቢሆንም የለመደው ሰው ይፈጥንበታል።

ታዲያ ለምን ደብዳቤው አይነበብለትም? ሁለት ምክንያቶች ተደጋግመው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች (የኮምፒውተር የፊደል ዓይነቶች) የአማርኛን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ። ለዓይን አማርኛ ይመስላል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምችት ነው፤ ስክሪን ሪደሩም ያንኑ ያነባል። በየቢሮው የቆዩ የደብዳቤ ናሙናዎች እየተገለበጡ ስለሚሠራባቸው እነዚህ ፎንቶች እስከ ዛሬ አልጠፉም። ማጣራቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ ከደብዳቤው አንድ መስመር ገልብጡና ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተቀየረ አሮጌ ፎንት ነው፣ ናሙናውም በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ አለበት። ፓወር ግዕዝ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ በፎንት ዝርዝሩ ውስጥ «ዩኒኮድ» የሚል ስም ያለውን ምረጡ።

ሁለተኛው ስካን ነው። ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት እንደገና በስካነር ሲገባ ፒዲኤፍ ቢባልም ፎቶግራፍ ነው። ማኅተም ያለበት ቅጂ ለመዝገብ ይቀመጥ፣ ለሠራተኛው ግን የመጀመሪያው የዎርድ ፋይል አብሮ ይላክለት። ጸሐፊዋ አንድ ፋይል አብራ ማያያዝ ብትለምድ ነገሩ አለቀ። በእጅ የተጻፈ ማስታወሻና የድሮ መዝገብ ላይ ግን አንባቢ ማስፈለጉ አይቀርም፣ አዋጅ 568ም ለሥራው ረዳት መመደብን ከአሠሪው ግዴታዎች ውስጥ አስገብቶታል።

«መስማት ለተሳነው ጽፈን እናሳየዋለን»

ለአጭር ጉዳይ ይሠራል። ለስብሰባ፣ ለሥልጠናና ለዲሲፕሊን ጉዳይ ግን አይበቃም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፣ አማርኛን በእጅ መሳል አይደለም። ከልጅነቱ በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ በቢሮ አማርኛ የተጨናነቀ ባለ ሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ ሰጥቶ «ተገልጾለታል» ማለት ተገቢ አይደለም። ከንፈር ማንበብም ቢሆን ተናጋሪው ጀርባውን ለመስኮት ከሰጠ ፊቱ ስለሚጨልም አይሆንም።

አስተርጓሚ ሲጠራ ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ስብሰባ ሁለት ያስፈልጋሉ፣ በየ20 እና 30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። አንድ አስተርጓሚ ግማሽ ቀን ሲሠራ ከደከመ በኋላ የሚያስተላልፈው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሠራተኛውም ያመለጠውን ስለማያውቅ አይጠይቅም። አጀንዳው ለአስተርጓሚዎቹ ከአንድ ቀን በፊት ይድረሳቸው። ስትናገሩ ሠራተኛውን እዩ፣ «እንዲህ በልልኝ» እያላችሁ ወደ አስተርጓሚው አትዙሩ። የእሳት አደጋ ደወሉም ብልጭ የሚል መብራት ካልተጨመረለት ሰውየው ብቻውን ቢሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

«አዝነንለት ቀላል ሥራ ሰጥተነዋል»

ከአባባሎቹ ሁሉ ከልብ የሚነገረው ይህ ነው፣ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰውም ይህ ነው። «እሱን መስክ አናንገላታው» የተባለ ሠራተኛ ውሎ አበል አያገኝም፣ የመስክ ልምድ አይመዘገብለትም። በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ያልተሰጠው ሥራ ነጥብ የለውም። ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደር ያ ባዶ ቦታ እንደ ድክመቱ ይቆጠርበታል። በአምስት ዓመት ውስጥ አብረውት የተቀጠሩት ቡድን መሪ ሲሆኑ እሱ በገባበት ደረጃ ላይ ይቀራል። ሥራ ሲከፋፈል ለእርሱም እንደሌላው ተሰጥቶ «ይህን ለመሥራት ምን ይመቻችልህ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

«በጀት የለንም»

ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ጽሑፍ የሚያጎላው ፕሮግራም በዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት አብረው ሲጫኑ ይከፈታል። ዊልቸር የማያስገባ ጠረጴዛ ከእግሮቹ ሥር ጣውላ ገብቶ ከሥሩ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛ ፎቅ ያለን ክፍል ምድር ቤት ካለው ጋር መቀየር የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ገንዘብ የሚጠይቀው ነገር የሚሰናከለው በጊዜ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ጥያቄው የሚዘጋጀው ግን ከወራት በፊት ነው። በመስከረም የተጠየቀ የብሬይል ማተሚያ በዕቅድ ውስጥ ስለሌለ «በጀት የለንም» ለማለት ሰበብ ይሆናል። የሰው ሀብት ክፍሉ የበጀት ጥሪ ሲደርሰው አካል ጉዳተኛ ሠራተኞችን ጠይቆ ዝርዝሩን ከነልኩ ለግዥ ያስገባ። ሕጉ «ከአቅም በላይ የሆነ ጫና» ሲል የማስተካከያውን ባሕርይና ወጪ ከተቋሙ ስፋትና አደረጃጀት ጋር ያመዛዝናል። በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ተቋም ለአንድ በር ማጠፊያ ይህን መከራከሪያ ማንሣት ይከብደዋል።

«ሲጥለው ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት»

የሚጥል በሽታ ያለበት ባልደረባ ሲወድቅ አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ ሌላው ማንኪያ ፍለጋ ይሮጣል፣ የቀረው «ይተላለፋል» ብሎ ይሸሻል። አይተላለፍም፣ የአንጎል ሕመም ነው። የክብሪቱ ጭስ አያነቃውም፣ ፊቱን ግን ሊያቃጥል ይችላል። አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር ጥርሱን ይሰብራል። ወንበርና ጠረጴዛውን አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር የታጠፈ ጃኬት አድርጉ፣ ክራባቱን ፍቱ፣ ሰዓት ያዙ። እንቅጥቅጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ጥሩ፣ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። በደንብ ሳይነቃ ውኃ አትስጡት።

በሥራ በኩል መሰላል ላይ መውጣትና መኪና መንዳት ይቅርበት። እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ስለሚቀሰቅስ የሌሊት ፈረቃም አይመደብ። ሒሳብ ከመሥራት፣ መዝገብ ከመያዝ፣ ባለጉዳይ ከማስተናገድ የሚከለክለው ምክንያት የለም።

«አድልዎ ካለ ያስረዳ»

አዋጅ 568 የማስረዳት ሸክሙን ያዞረዋል፤ ሠራተኛው በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተፈጽሞብኛል ሲል አድልዎ አለመፈጸሙን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ይህን ስለማያውቁ ብዙ ሠራተኞች ዝም ይላሉ። አመቻቹልኝ የሚለውን ጥያቄ በቃል መጠየቅ በቂ አይደለም። ምን እንደሚያስፈልግና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ጠቅሶ በደብዳቤ ማቅረብ፣ መዝገብ ቤት አስገብቶ ቀንና የገቢ ቁጥር ያለበትን ቅጂ ማስቀረት ያስፈልጋል። ዓይነ ስውር ሠራተኛም ቁጥሩ በቃል ተነግሮት በስልኩ ላይ ይመዝግበው።