«ጋሼ፣ ምሳ አዲስ አበባ ነው»

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ቤተሰብ ማመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና የሚሄደው ሁሉ ገና ሻንጣው ሳይጫን መንገዱን ሊያስተምረኝ ይነሳል። በቅርቡ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ገመድ ሳጠብቅ፣ የቤቱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ አሰላልኝ፦ «ጋሼ፣ 515 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 80 ብንሄድ ስድስት ሰዓት ተኩል። 11 ሰዓት ሌሊት ከወጣን 5 ሰዓት ተኩል ላይ እንገባለን። ምሳ አዲስ አበባ ነው!» የገባነው 10 ሰዓት አልፎ ነው። ልጁ እስከ ቤታቸው በር ድረስ አኩርፎኝ ነበር።

እንግዲህ በየጉዞው የምሰማውን ልመልስ።

«በሰዓት 80 እንሄዳለን።» ዳሽቦርዱ ላይ 80 ማየትና በሰዓት 80 መጓዝ ለየቅል ናቸው። ከድሬዳዋ ወጥተህ ደንገጎ እስክትደርስ ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣለህ፤ ያ ሁሉ ጥምዝ ነው። ከዚያ ቁልቢ፣ ጨለንቆ፣ ሂርና፣ አሰበ ተፈሪ፤ በክረምት ጉም፣ በገበያ ቀን ሰውና አህያ። ቆላው ላይ ግመል አስፋልቱን ሲያቋርጥ ጥሩምባ አይሰማም። አዋሽ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። እግርህን ዘርግተህ በአንድ ፍጥነት የምትሄደው ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ነው፤ ያውም ሰማንያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ። ከነማረፊያው የ11 ሰዓት ጉዞ ብላችሁ ያዙለት። ቀድማችሁ ከገባችሁ ደስ ይበላችሁ።

«ውኃ ካልጠጣን መቆም አይኖርብንም።» የመተሐራና የአዋሽ ከፍታ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሙቀቱ መኪና ውስጥ ይጠብሳችኋል። ራስ ምታቱና ድንዛዜው ከዚያ ይመጣል። ጠጡ፤ እኔ እቆማለሁ።

«ሙቀት ስለሆነ ከጎማው ነፋስ እናስተንፍስ።» በፍጹም። የጎማ ልክ የሚለካው ማለዳ፣ ጎማው ሳይግል ነው። በሙቀት የጨመረውን ካስወጣህ ጎማው ይላላል፤ የላላ ጎማ ደግሞ ሲሽከረከር ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

«ደንገጎን ፎሌ አድርገህ (ማርሹን አውጥተህ) ብትወርድ ነዳጅ ትቆጥባለህ።» ይህን የሚሉኝ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ያሳዝነኛል። የዛሬ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ቁልቁል ሲወርድ ኢንጀክተሩ ነዳጅ ይዘጋል፤ ፎሌ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያጠጣዋል። ስለዚህ ቁጠባም የለም። የመኪናው ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቅና የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እግርህ ሥር እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ከዳገቱ ግርጌ የሚሸተው የተቃጠለ ሸራ የዚህ ዕውቀት ውጤት ነው። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ።

«መሄጃውና መመለሻው ያው ነው።» ኪሎ ሜትሩ ያው ነው። ስትሄድ ተራራውን በማለዳ፣ በንጹሕ ጭንቅላት ትጨርሰዋለህ፤ ስትመለስ ግን መጀመሪያ ሜዳውና ሙቀቱ ይበላህና ተራራው ሲመሽ ይጠብቅሃል። ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ እኛ ዘንድ 12 ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች። ኅዳር ላይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች። ከአዲስ አበባ «12 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው የደንገጎን ጥምዝ የሚወርደው በመብራት ነው። ወደ ሐረር የሚቀጥለውም ቢሆን በሐረማያና በአወዳይ ሕዝብ መሐል በጨለማ ያልፋል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ በዋዜማውም በማግስቱም ሰዓት የሚቀምር ሰው አያናግረኝ።

አሁን ወደ ዋናው። በዚህ አገር ሹፌር ሁሉ የሚምልበት፣ ተሳፋሪም «አቦ፣ ዕረፍቱ ይብቃን፤ ጫት ያዝና ቀጥል» እያለ የሚያበረታታበት እምነት፦ ጫት የያዘ ሹፌር ዕረፍት አያስፈልገውም።

እኔ ራሴ ብዙ ዓመት አምኜበታለሁ። ጫትን ለመስደብም አልተነሳሁም፤ የአወዳይ ጫት ገበያ ስንት ቤተሰብ እንደሚያበላ አውቃለሁ። የማወራው መሪ ስለ መያዝ ነው። የሚያነቃው ካቲኖን የሚባለው ነገር ነው፤ እርጥብ ቅጠል ውስጥ ይገኛል፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይደክማል። የጫት መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉትም ለዚህ ነው። ምርቃናው እንቅልፍህን ይደብቅብሃል እንጂ ዕዳህን አይከፍልልህም። ሲለቅህ ድብርቱ ይመጣል፤ የተደበቀው እንቅልፍም አብሮት ይመጣል። ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ ከአዋሽ ምሳ በኋላ የያዘ ሹፌር የሚለቀው የት ላይ እንደሆነ አስሉት፦ ማታ፣ ተራራው ላይ።

አንድ ጊዜ ሌሊቱን ነድቼ አዲስ አበባ ገባሁና ሳልተኛ ማለዳ ተመላሽ ጫንኩ። ከአዳማ ጀምሮ ይዣለሁ። ግራ ጉንጬ ሞልቷል፣ እጄ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኔ እንደ ተገለጠ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት፣ «ልጄ፣ ሚኤሶን አለፍነው እንዴ? ለልጄ እደውላለሁ ብዬ ነበር» አሉኝ። ልመልስ አፌን ከፈትኩና መልስ አጣሁ። ከፊቴ መንገዱ ወደ አሰበ ተፈሪ መውጣት ጀምሯል። አንድ ሙሉ ከተማ፣ ከነባጃጁ፣ ከነፍየሉ፣ ከነሕፃናቱ አልፌ መጥቻለሁ፤ አንዷን ቤት እንኳ አላስታውስም። በ80 ፍጥነት መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ስንት ሰከንድ እንደዚያ እንደሄድኩ እግዚአብሔር ይወቅ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ጉንጬን አራገፍኩ፣ «እማማ፣ ግማሽ ሰዓት ልተኛ» አልኳቸው። በነጠላቸው መስኮቱን ከፀሐይ ጋረዱልኝ።

ቡናም ቢሆን እንደጠጡት አይሠራም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቡናዬን ጠጥቼ ወንበሬን አስተኝቼ ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ፤ ስነቃ ቡናው ደርሷል። በየሁለት ሰዓቱ እቆማለሁ፤ ሳይደክመኝ በፊት። የደከመ ሰው መድከሙን አያውቅም፤ እኔ ሚኤሶ ላይ አላወቅሁም። ሲሄዱ ቁርስ ሂርና ወይም አሰበ ተፈሪ፣ ምሳ አዋሽ፣ ከዚያ አዳማ ላይ እግር ማፍታታት። ሲመለሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ሌሊት መውጣት፣ አዋሽን ሙቀቱ ሳይበረታ ማለፍ፣ ምሳን አሰበ ተፈሪ ማድረግ። እስከ 10 ሰዓት አሰበ ተፈሪ ካልደረስኩ አልጋ እይዛለሁ። ተሳፋሪ ያጉረመርማል፤ «ትንሽ እኮ ነው የቀረን» ይለኛል። የሆቴሉን ቁልፍ ሰጥቼው ራቱን እንዲያዝ እነግረዋለሁ።